ለተማሪ ልጅ ስለምትገዛ ትንሽ ላፕቶፕ

ከፍኖተ ሰላም ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ በጃቢ ጠህናን ገጠር የሚኖሩ አንዲት እመቤት በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ መልስ እንድንሰጣቸው የጻፉት ደብዳቤ ደርሶናል። ሴት ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን አልፋ ወደ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተመደበች፥ ባለቤታቸው አደልበው ያቈዩትን ሠንጋ ሸጠው ለላፕቶፕ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለይተው አስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ግን በቤቱ ውስጥ ምክሩ በዛ። አዲስ አበባ የሚኖሩት አጎት ትልቅና ሰፊ ካልሆነ አትግዙ ብለው ልከዋል፤ የከተማው ሱቀኛ ደግሞ ከነካርቶኗ ያለች አዲስና ቀጭን ላፕቶፕ አሳይቶ ከዚህ የረከሰ አታገኙም ብሏቸዋል፤ ልጅቱም ጓደኞቿ ያወሩላትን የአንድ ፋብሪካ ስም ደጋግማ ትጠራለች። እመቤቲቱ ደብዳቤያቸውን ሲጨርሱ እንዲህ ብለዋል፤ «ባለቤቴ በሬ ሲገዙ ጥርሱን ከፍተው፥ ሻኛውን ዳስሰው፥ ኰቴውን አይተው፥ ጥቂትም አስኪደው ነው። የዚህ ዕቃ ጥርሱ ወዴት ነው?»

ጥያቄው እጅግ የተገባ ነው። መልሱንም ለእርሳቸው ብቻ ሳይሆን በቡሬም፥ በደምበጫም፥ በሽንዲም፥ በቋሪትም ይህን የመሰለ ገንዘብ በሣጥን ቈልፎ ለሚያመነታ ቤተ ሰብ ሁሉ እንዲሆን አድርገን እንጽፋለን። በመሥሪያ ቤት ያሉ አንባቢዎቻችንም ቢሆኑ የዘመድ ልጅ «ጋሼ፥ የትኛውን ልግዛ?» እያለ የሚመጣው ወደ እነርሱ ነውና ነገሩን ቢያውቁት አይጠላም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «የቀድሞ ሰው ያለ ላፕቶፕ ተምሮ ለማዕርግ በቅቷል፤ ይህ ሁሉ ወጪ ለምን?» ይል ይሆናል። ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ደግ ነበረ። ዳሩ ግን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን የሚፈተነው በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በ2016 ዓ.ም. ከፊሉ ተማሪ በወረቀት፥ ከፊሉ በኮምፒዩተር ተፈትኖታል። ቍልፉን ነክቶ የማያውቅ ልጅ በዚያ ሰዓት ትምህርቱን ቢያውቅ እንኳ፥ መልሱን በማሰብ ፈንታ በመስታወቱ ላይ የምትሮጠውን ቀስት በማሳደድ ጊዜው ያልቅበታል። ስለዚህ ላፕቶፕ ለተማሪ እንደ ጌጥ ዕቃ የሚቈጠርበት ዘመን አልፏል፤ በጥንቃቄ መግዛትም ግዴታ ሆኗል።

ትንሽና ርካሽ ኮምፒዩተር ለልጆች የማዳረስ አሳብ አዲስ አይደለም። በኅዳር 1998 ዓ.ም. በቱኒስ ከተማ በተደረገው የዓለም ጉባኤ ላይ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ አንዲት አረንጓዴ ላፕቶፕ ይዘው ቀርበው ዋጋዋ 100 ዶላር ብቻ ይሆናል ብለው ተስፋ ሰጡ። መብራት በሌለበት አገር እንድትሠራ በጐንዋ የእጅ መዘውር ተበጅቶላት ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን መዘውሩን ቢያዞሩት ግን በጉባኤው ፊት ተነቅሎ በእጃቸው ቀረ ይባላል። በኋላ ለልጆች የታደለችው ላፕቶፕ መዘውር አልነበራትም፤ ዋጋዋም ወደ 200 ዶላር ተጠጋ። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ወደ አገራችንም በሺህ የሚቈጠሩ መጥተው ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ተሰጥተዋል፤ ቍልፎቻቸውም የግዕዝ ፊደል የተጻፈባቸው ነበሩ። 7 ኢንች ተኩል የሚሆነው መስታወቷ በፀሐይ ውስጥ እንኳ ይነበብ ስለ ነበረ፥ በዚህ ረገድ ዛሬ ከሚሸጡት ከብዙዎቹ ትበልጥ ነበር። ነገር ግን እንደዚህ ለብቻዋ የተሠራች መኪና በተበላሸች ጊዜ መለወጫ ዕቃዋ በየሱቁ አይገኝም።

በዚያው ዘመን፥ በ2000 ዓ.ም. መግቢያ፥ የታይዋኑ ኤሱስ «ኢ ፒሲ» የተባለችውን ክብደቷ አንድ ኪሎ የማይሞላ ላፕቶፕ አወጣ፤ ሌሎቹም ፋብሪካዎች ተከትለው «ኔትቡክ» የሚባሉትን አበዙ። ከአምስት ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ታብሌትና ስልክ ገበያውን ወሰዱባቸውና መሠራታቸው ቀረ። ዛሬ በየሱቁ «ለተማሪ ተስማሚ» እየተባለ የሚሸጠው ቀጭንና ርካሽ አዲስ ላፕቶፕ የእነዚያ የልጅ ልጅ ነው፤ ጠባያቸውንም ወርሷል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ አንባቢን እንደ ማታለል ይሆንብናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህ ዐምድ ጸሐፊ ለእኅቱ ልጅ እንደዚህ ያለችውን የብር ቀለም የተቀባች ላፕቶፕ ከነካርቶኗ ገዝቶ በኩራት አስረክቦ ነበር። ቀላል፥ ድምፅ የማታሰማ፥ ለዓይን የምታምር ነበረች። ራሟ 4 ጊጋባይት፥ ማስቀመጫዋ 32 ጊጋባይት መሆኑ በካርቶኑ ጐን በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ እኛም አንብበን ትርጓሜውን ሳናስተውል አለፍነው። ስድስት ወር ሳይሞላ ዊንዶውስ ራሱን የሚያድስበት ቦታ አጣ፤ ልጁ መጽሐፎቹን እየሰረዘ ቦታ ቢለቅለትም አልበቃውም። የጥናት ጽሑፉን በሚያስረክብበት ዋዜማ ሌሊት፥ አንድ ገጽ ለመክፈት ሩብ ሰዓት እያስጠበቀችው ሳለ ጠፋችና ሳትነሣ ቀረች። ልጁ ጽሑፉን ከጓደኛው ተውሶ እንደ ገና ሲጽፍ ቀኑ አለፈበት፤ የዚያም ትምህርት ውጤት ቀረበት። ወደ ጥገና ቤት ብንወስዳት ባለሙያው ከፍቶ አሳየን፤ ራሙም ማስቀመጫውም ከዋናው ሰሌዳ ጋራ ተበይዶ የተጣበቀ ስለ ሆነ የሚለወጥበት መንገድ የለውም። «ጋሼ፥ ይህች እንደ ተወለደች የምትሞት ናት» አለን። ልጁ ስለ ነገሩ እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልወቀሰንም፤ ይህም ከወቀሳ የበለጠ ይከብደናል።

ራምና ማስቀመጫ የተባሉትን ሁለቱን ቃላት ለገበሬ ቤት ማስረዳት አያስቸግርም። ማስቀመጫው ጎተራ ነው፤ ልጅቱ የጻፈችውና የሰበሰበችው ሁሉ ላፕቶፑ ጠፍቶ እንኳ የሚቀመጥበት ነው። ራሙ አውድማው ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚሠራው ሥራ ሁሉ የሚወቃው በእርሱ ላይ ነው። ጎተራው የቱን ያህል ቢሰፋ አውድማው ጠባብ ከሆነ ሥራው ይጓተታል፤ አውድማው ሰፍቶ ጎተራው ከጠበበ ደግሞ እህሉ ሜዳ ይቀራል። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሙ ከ8 ጊጋባይት፥ ማስቀመጫው ከ256 ጊጋባይት ባያንስ መልካም ነው። ማስቀመጫውም «ኤስኤስዲ» የሚባለው ይሁን። የቀድሞው ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳሕን ስላለበት በጉዞ መነቅነቅ ይጐዳዋል፤ ሥራውም ዘገምተኛ ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለበትም።

እንግዲህ ለእመቤቲቱ የምንሰጠው ዋና ምክር ይህ ነው፤ በያዙት ገንዘብ አዲስና ደካማ ከሚገዙ ያገለገለችና ብርቱ ይግዙ። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ታላላቅ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የሚሰጧቸውን ላፕቶፖች ብዙውን ጊዜ በየሦስትና በየአራት ዓመቱ ይለውጣሉ። የተለወጡትም በነጋዴ እጅ እየተዘዋወሩ መርካቶና መገናኛ፥ ከዚያም ባሕር ዳር ይደርሳሉ። እነዚህ ሲሠሩ ለረዥም አገልግሎት ታስበው ስለ ሆነ ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው፤ ከበታች ያለው ብሎን ሲፈታ ባትሪውና ማስቀመጫው ይለወጣል፤ መለወጫ ዕቃቸውም በብዛት ይገኛል። ከትንንሾቹ መካከል የሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ 280 እና የዴል ላቲትዩድ 7290 መስታወታቸው 12 ኢንች ተኩል፥ ክብደታቸውም ከአንድ ኪሎ ከሩብ በታች ነው፤ የኤችፒ ኤሊትቡክ 830 ጂ 5 መስታወቱ 13 ኢንች ከሲሶ ስለ ሆነ ዓይን ለሚደክመው ይስማማል። ቲንክፓዷ ራሟ የተጣበቀ ስለ ሆነ ስትገዛ 8 ጊጋባይት ካልሆነች በኋላ አይጨመርላትም፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ይጨመርላቸዋል። የአጎትየውን ምክር ስንመለከተው፥ 15 ኢንች የሆነው ሰፊ ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ደግ ነው፤ ከመኝታ ቤት ወደ ክፍል፥ ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፥ በበዓልም በአውቶቡስ ወደ ፍኖተ ሰላም ለምትመላለስ ልጅ ግን ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ መሸከሙ አይመችም።

አሁን ወደ ጥርሱ እንመለስ። የላፕቶፕ ዕድሜ የሚታወቀው በፕሮሰሰሩ ቍጥር ነው። ነጋዴው «ኮር አይ 7 ነው» ብሎ ዋጋ ሲቈልል ብዙ ሰው 7 ከ5 ይበልጣል ብሎ ይረታል። እውነቱ ግን ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቍጥር ውስጥ ተደብቋል። ኮር አይ 7 ተብሎ 4600 የተጻፈበት የአራተኛ ትውልድ ነው፤ ኮር አይ 5 ተብሎ 8250 የተጻፈበት የስምንተኛ ትውልድ ነው። ይህም የኋለኛው በስሙ ዝቅ ብሎ ቢታይም አራት ልብ አለው፤ ያኛው ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰረዙ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ አኃዝ ይመልከቱ፤ 8 ቢሆን መልካም፤ በ10 ወይም በ11 ቢጀምር ከዚያም ይሻላል።

ስምንተኛው ትውልድ የተመረጠበት ሌላ ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን ነጻ የጥበቃ እድሳት በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። የተተካው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በደንቡ የሚቀበለው፥ ከጥቂቶች በቀር፥ ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። በዚህ ምክንያት የስድስተኛና የሰባተኛ ትውልድ ላፕቶፖች በየገበያው ረክሰው ይታያሉ። ገንዘብ እጅግ ያጠረው ሰው ከእነርሱ አንዱን ገዝቶ ኡቡንቱ የተባለውን ነጻ ሥርዐት ቢያስጭንበት ለጽሕፈትና ለንባብ ያገለግለዋል፤ ነገር ግን የትምህርቱ ክፍል በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም የሚጠይቅ እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሱቁ ውስጥ የሚደረገው ምርመራ ከገበያው ምርመራ ብዙ አይለይም። መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪው ብቻ እንድትነሣ ያድርጉ። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ዘገባ የሚያወጣበት መንገድ ስላለው ባለሱቁን «ሪፖርቱን አውጣልኝ» ይበሉት፤ በዚያ ላይ ባትሪው ሲሠራ የነበረው ዐቅምና ዛሬ የሚይዘው ጐን ለጐን ይታያል። 48 የነበረው 24 ከሆነ ዕድሜው አጋማሽ ላይ ነውና የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከመሸጫው ይቀነስ። ቀጥሎም ነጭ ገጽ ተከፍቶ በመስታወቱ ላይ ጥቍር ነጥብ ወይም መሥመር እንዳለ ይታይ፤ ክዳኗም በአንድ እጅ ተከፍታ ማጠፊያዋ ሲላላ ወይም ሲንቋቋ ይደመጥ። ልጅቱ ራሷ ተቀምጣ ቍልፎቹን አንድ በአንድ ትንካ። ከጀርመን የመጣ ላፕቶፕ «ዋይ» እና «ዜድ» የተባሉት ቍልፎቹ ቦታ ተለዋውጠው ይገኛሉ፤ ከፈረንሳይ የመጣውም «ኤ» እና «ኪው» እንዲሁ ናቸው፤ ሱቀኞች በላዩ ወረቀት ለጥፈው ይሸጡታል። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም በፈተና ክፍል የሚገኘው ሰሌዳ የእንግሊዝኛው ስለ ሆነ፥ ጣቷ በሌላ ከለመደ በዚያ ቀን ይሳሳትባታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው የይለፍ ቃል ቍልፍ ነው። ድርጅቱ የቈለፋት ላፕቶፕ በሱቅ ውስጥ ደኅና ትሠራና፥ ከገዟት በኋላ ዊንዶውስ እንደ ገና ሲጫን «የእገሌ ድርጅት ንብረት ነኝ» ብላ አልከፈትም ትላለች። ስለዚህ ስትነሣ ወደ «ባዮስ» መግቢያው የይለፍ ቃል እንደማይጠይቅ በዓይን ማየት፥ ዊንዶውስንም በፊታቸው አስጭኖ መቀበል ይገባል። በደረሰኙም ላይ የላፕቶፗ መለያ ቍጥርና ባለሱቁ የሚሰጠው የዋስትና ጊዜ ይጻፍ። ይህን ለመጻፍ የሚያመነታ ነጋዴ ቢገጥማቸው ሌላ ሱቅ አለ።

ስለ መብራት ጥቂት ዘርዘር አድርገን መናገር አለብን፤ በአዲስ አበባ ሆኖ የሚመክር ሰው የሚረሳው ይህን ነውና። እንደዚህ ያለች ትንሽ ላፕቶፕ ለጽሕፈትና ለንባብ ብቻ ስትሠራ በሰዓት የምትፈጀው ከ8 ዋት ብዙ አይርቅም፤ ባትሪዋ 48 ዋት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ስድስት ሰዓት ያህል ትሠራለች። ባትሪዋ ወደ 60 ከመቶ የወረደ ከሆነ ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። በገጠር ለመብራት የሚሰቀለው የ10 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በቀን ውስጥ ከ40 ዋት ሰዓት በላይ ስለማይሰጥ አይሞላትም። የ50 ዋት ሰሌዳ ግን በበጋ በአራት ሰዓት ፀሐይ 200 ዋት ሰዓት ስለሚሰበስብ ላፕቶፗንም፥ አምፖሉንም፥ ስልኩንም ይችላል፤ በሐምሌ ዳመና የዚህን ሲሶ እንኳ ላያገኝ ስለሚችል በክረምት የሥራውን ሰዓት ማሳጠር ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ሦስቱ ላፕቶፖች «ዩኤስቢ ሲ» በተባለው ቀዳዳ ኃይል ስለሚቀበሉ፥ ቻርጀሩ ቢጠፋ በዚያው መጠን የሚተካ በቀላሉ ይገኛል፤ የስልክ ቻርጀር ግን ቀዳዳው ቢገጥምም ኃይሉ አነስተኛ ነው።

የመሥመሩ መብራት ያለበትም ቤት ቢሆን ጥንቃቄ አለው። ወፍጮ ቤቱ ሞተሩን ሲያስነሣ አምፖሉ ደብዘዝ የሚልበት ሰፈር ብዙ ነው። ይህ ላፕቶፕን አይጐዳም፤ ቻርጀሯ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። የሚጐዳው መብራቱ ጠፍቶ በድንገት ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅሎ፥ ተመልሶም እስኪረጋ ጥቂት መቈየት ነው። በነጐድጓድ ጊዜም እንዲሁ።

የአማርኛ ጽሕፈትን ነገር ለብቻው የምናነሣው ብዙ ደብዳቤ ስለሚደርሰን ነው። የመጀመሪያውን የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የታገሉት ከ200 የሚበልጠውን ፊደል በጥቂት ቍልፎች ላይ ለማስቀመጥ ነበር። ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላ ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ። እያንዳንዱ የፕሮግራም ሠሪ ለፊደሉ የራሱን ቍጥር ይሰጠው ስለ ነበረ፥ በአንዱ ቢሮ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ቢሮ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ጭፍራ ሆኖ ይታይ ነበር። በፈረንጆች 1999 ዓ.ም. የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም መዝገብ ገብቶ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የጸና ቍጥር ተሰጠው። ይህ ከሆነ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቢያልፍም በየመሥሪያ ቤቱ ማኅደር በቀድሞው ዐይነት የተጻፈ ሰነድ ዛሬም አይጠፋም። ልጅቱ ዛሬ የምትጽፈው ከአሥር ዓመት በኋላ እንዲነበብ ከፈለገች በዩኒኮድ ትጻፍ፤ ዊንዶውስ የአማርኛ ሰሌዳ በውስጡ አለው፥ ኪይማን የተባለውም ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ሁለቱም ለማንኛውም ላፕቶፕ ይሆናሉና «የአማርኛ ላፕቶፕ ነው» ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቅ ሱቀኛ አይሰማ።

ኢንተርኔትን በሚመለከት፥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ በዚያ የነበረ ሁሉ ያውቃል። ዕቃው በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ከሆነ በእንደዚያ ያለ ጊዜ ሣጥን ነው። ስለዚህ ልጅቱ ኔትወርክ ባለበት ስፍራ ሳለች መጽሐፎቿን ሁሉ ወደ ላፕቶፗ ታስገባ። ኪዊክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን የመሰለውን ታላቅ መዝገብ ሳይቀር ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ጎተራው 256 ይሁን ያልነው ለዚህም ጭምር ነው። የጻፈችውንም ሁለተኛ ቅጂ በፍላሽ ይዛ ፍላሹን ከላፕቶፗ ቦርሳ በሌላ ስፍራ ታስቀምጥ፤ ሌባ ቦርሳውን ሲወስድ ሁለቱንም እንዳይወስድ።

«ስልኳ አይበቃትምን?» ለሚሉት መልሳችን አጭር ነው፤ ለንባብ ይበቃል፥ ሠላሳ ገጽ የጥናት ጽሑፍ ከነሠንጠረዡ ለመጻፍ አይበቃም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የብር ዋጋ ያልጠራነው አውቀን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ላፕቶፕም በዶላር የሚመጣ ዕቃ ስለ ሆነ ዛሬ የምንጽፈው ዋጋ ጋዜጣው ፍኖተ ሰላም እስኪደርስ ይለወጣል። የገንዘቡን አከፋፈል ግን እንመክራለን። ከአሥሩ እጅ ስምንቱን ለላፕቶፗ ያውሉት፤ አንዱን ለባትሪ ወይም ለጥገና ያቈዩት፤ የቀረውን ውሃ ለማያስገባ ቦርሳና ለፍላሽ ያድርጉት። አሥሩንም አውጥቶ የገዛ ሰው መጀመሪያ ባትሪው የደከመ ዕለት ዕቃውን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል።

ይህን መልስ ለእመቤቲቱ አስቀድመን በደብዳቤ ልከንላቸው ስለ ነበር፥ ጽሑፋችን ወደ ማተሚያ ሳይገባ ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰን። አባትና ልጅ ባሕር ዳር ወርደው ሦስት ሱቅ ዞረዋል። በመጀመሪያው ሱቅ «አይ 7» የተባለው የአራተኛ ትውልድ ሆኖ ተገኘ፤ በሁለተኛው ባለሱቁ በደረሰኙ ላይ መለያ ቍጥሩን አልጽፍም አለ። በሦስተኛው 12 ኢንች ተኩል የሆነች ያገለገለች ላቲትዩድ አገኙ፤ የባትሪው ዘገባ 63 ከመቶ ስለ አሳየ አባትየው እንደ ከብት ገበያው ሁለት ጊዜ ወጥተው ተመልሰው የባትሪውን ዋጋ አስቀንሰዋል። ነጋዴው «አባቴ፥ ይህን ማን ነገረዎት?» ቢላቸው «ጥርሱን አየሁት» ብለውታል።

ይህ ሁለተኛው ደብዳቤ እንደ ፊተኛው በእጅ የተጻፈ አይደለም። እናት እየተናገሩ ልጅቱ በአዲሲቱ ላፕቶፕ ጽፋው በቡሬ ከተማ በማተሚያ ያወጣችው ነው። ሥራ የሚለው ቃል ሁሉ በእሳቱ ሰ ተጽፏል፤ በግርጌውም ልጅቱ ከራሷ ጨምራ ንጉሡን ሠ ከየትኛው ቍልፍ እንደምታወጣው ጠይቃናለች። በኪይማን ሰሌዳ «ኤስ» የሚለው ቍልፍ ሁለት ጊዜ ሲመታ ይወጣል፤ ብዙኃኑ ኀም እንዲሁ «ኤች» ሁለት ጊዜ ሲመታ ነው።